ሹፌሮች፣ እንቅልፍን እንዴት ነው የምታሸንፉት? (ጅቡቲ መስመር)

ባለ አራት መቶ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። የተሳቢ ሹፌር ነኝ። ጅቡቲ መስመር ላይ 9 ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ ሰው አልነካሁም፣ ተመስገን። ባለፈው ሳምንት የሆነውን ግን ለሚስቴም አልነገርኳትም። እዚህ የሚያውቀኝ ስለሌለ ልናገረው።

ማዳበሪያ ጭኜ እየተመለስኩ ነበር። ጅቡቲ ተራ ስጠብቅ ሁለት ሌሊት በቅጡ አልተኛሁም። ሙቀቱ አያስተኛም። ሰልፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ደግሞ ተነስቶ መኪና ማስጠጋት አለ። ጋላፊን አልፌ ሰመራ ምሳ በላሁ። ሚሌ ፍተሻ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ቆምን። ከዚያ ስልክ መጣ። "ነገ ሞጆ ግባ፣ ሌላ ጭነት ይጠብቅሃል።" ነዳሁ።

ሊነጋጋ ሲል 11 ሰዓት ገደማ ገዋኔን አልፌያለሁ። ዓይኔ ክፍት ነበር ብዬ እምላለሁ። ረዳቴ ጭኔን በጥፊ ሲለኝ ነው ጎማው ጠጠር ላይ ሲንኮሻኮሽ የሰማሁት። ከፊቴ ሰው አልነበረም። ግመልም አልነበረም። ቢኖርስ?

ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ እናንተ እንዴት ነው የምታሸንፉት? ጫት አልቅምም፣ ጨጓራዬ አይችለውም። ቡና ጠጥቻለሁ፣ ፊቴን ታጥቤያለሁ፣ መስኮት ከፍቻለሁ፣ ሙዚቃ ጩኸት አድርጌያለሁ። ወይ ፍንክች።

አወዳይ ዜሮ ዜሮ

ጫት ሳትቅም ነው ጅቡቲ መስመር 9 ዓመት የቆየኸው? ሃሃሃ። አንተ ሰውዬ ልትሸለም ይገባሃል። ድሬዳዋ ጎራ በል፣ አንድ ዙርባ ያዝ፣ ሞጆ ድረስ እንደ ንስር ነው የምታየው።

ጋሽ ኤንትሬ

ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ሹፌር ነኝ። ፊያት ኤንትሬ ይዤ አሰብ የተመላለስኩ። 1990 ግንቦት ላይ ጦርነቱ ሲነሳ ነው ያ መስመር የተዘጋብን። ለዚህ ለጫቱ ልጅ አንድ ነገር ልንገረው። ምርቃና ላይ ያለ ሹፌር ጎበዝ ነው፣ አልክድም። ችግሩ ሲወርድ ነው። ምርቃናው የሚሰበርበትን ሰዓት አንተ አትመርጠውም። ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ሊሰበር ይችላል። ጓደኛዬ እንዲያ ነው የሄደው። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይሉና ደግሞ ቢራ ይጨምሩበታል። ከዚያ በላይ አልናገርም።

በኛ ጊዜ አንዳንድ መኪና ላይ ሁለት ሹፌር ነበር። አንዱ ሲነዳ አንዱ ይተኛል። አሁን አንድ ሹፌርና አንድ ልጅ ነው የማየው። ሁለተኛውን ሹፌር ማን ነው የበላው?

ሲስተር

ነርስ ነኝ፣ መንገድ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ባለ አራት መቶ፣ "ዓይኔ ክፍት ነበር" ያልከው እውነትህን ነው። አንጎል ሲደክመው ለሦስት ለአራት ሰከንድ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ዓይንም ላይከደን ይችላል። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር እየነዳህ 4 ሰከንድ ከጠፋህ ወደ 78 ሜትር ያለ ሹፌር ሄደሃል ማለት ነው። ከነ 400 ኩንታሉ።

የሆነብህ ሰዓትም እንዲያው አይደለም። ሰውነት የራሱ ሰዓት አለው። ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ጭልጥ ብሎ መተኛት ይፈልጋል። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓትም ትንሽ ይዝላል። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው አነዳዱ ሲለካ፣ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል። አንተ ደግሞ ሁለት ሌሊት።

መስኮትና ሙዚቃ ለጥቂት ደቂቃ ያታልላሉ እንጂ አይሠሩም። ቡና ይሠራል፣ ግን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ ቡናውን ጠጣና ወዲያው 20 ደቂቃ ተኛ። ስትነሳ ቡናውም ደርሶልሃል። ያም ቢሆን ለመድረሻ ነው፣ የሌሊት እንቅልፍን አይተካም።

ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። ግፊት ያለባችሁ፣ ለራሳችሁ ስትሉ። ሹፌር ግፊቱን የሚያውቀው ደግሞ ወድቆ ሲመጣ ነው።

ባለ አራት መቶ

ሲስተር እግዜር ይስጥልን። የቡናውን ነገር እሞክረዋለሁ። ግን "ቆመህ ተኛ" ማለት ቀላል ነው። የት? ከሚሌ እስከ አዋሽ አርባ አጥርና ጥበቃ ያለው ማቆሚያ ስንቱ ነው? መንገድ ዳር ብትተኛ ጠዋት ባትሪህን አታገኘውም። ትርፍ ጎማህ ሄዷል። ከደሞዝህ ይቆረጣል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ሹፌር የታገተበትና የተገደለበት መንገድ ስንት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የጨለመበት ቦታ መቆምም ያስፈራል፣ መንዳትም ያስፈራል።

ስምሪት ነኝ አትስደቡኝ

እንግዲህ ስድቡን ለመቀበል ተዘጋጅቻለሁ። ያንን ስልክ የምደውለው እኔ ነኝ። አንተ ጋ አይደለም፣ የኔዎቹ ጋ። 14 መኪና አሰማራለሁ።

እኛን ደግሞ ከላይ የሚደውል አለ። መርከብ ወደቡ ላይ ሲቆም ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ይቆጥራል፣ በዶላር። መኪናው በባንክ ዕዳ ነው የተገዛው፣ ባለቤቱ በየወሩ ይከፍላል። አንድ ቢያጆ (አንድ የጭነት ጉዞ) ሲቀር ወሩ ይበላሻል።

ግን አንድ ነገር ልመን። "የት ደረስክ?" እላለሁ እንጂ "ስንት ሰዓት ተኛህ?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ጂፒኤስ አለን። መኪና ሲቆም ኮምፒውተሩ ይጮህብኛል። ሲነዳ ውሎ ሲነዳ ሲያድር ግን ዝም ይላል። ይሄን ዛሬ እዚህ ስጽፍ ነው ያስተዋልኩት።

አወዳይ ዜሮ ዜሮ

[ይህ መልእክት በአወያዩ ተነስቷል። እናት አትጥሩ።]

ከዳላስ

ሰላም ወገኖች። ቴክሳስ 18 ጎማ እነዳለሁ፣ ድሮ እኔም ሞጆ ጅቡቲ ነበርኩ። እዚህ ያለውን ልንገራችሁ፣ ገነት እንዳይመስላችሁ።

ሕጉ ሥራ ከጀመርክበት ደቂቃ ጀምሮ 14 ሰዓት ይሰጥሃል። በዚያ ውስጥ መንዳት የምትችለው 11 ሰዓት ነው። ከዚያ 10 ሰዓት ዕረፍት። 8 ሰዓት ከነዳህ በኋላ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ትቆማለህ። በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ ላይ የወረቀቱ ደብተር ቀርቶ ኤሌክትሮኒክ መዝጋቢ ግዴታ ሆነ፣ ሞተሩ ላይ ተሰክቶ ራሱ ይቆጥራል። የጤና ምርመራ ካርድ ከሌለህ አትነዳም። ግፊትህ ከፍ ካለ የካርዱን ጊዜ ያሳጥሩብሃል።

አሁን ወደ ጉዱ። የሚከፈለን በማይል ነው። መጋዘን በር ላይ ለማራገፍ 5 ሰዓት ስገተር ያ 14 ሰዓት እየቆጠረ ነው፣ ማይል ግን የለም። ከዚያ ስወጣ የቀረችኝን ሰዓት ለማካካስ እበራለሁ። ማታ ደግሞ ማቆሚያው ሁሉ ሞልቷል። እና ወንድሜ ስለ ተራ ስታወራ ገብቶኛል። አንተን የገደለህ መንዳቱ ብቻ አይደለም። ሳትነዳ፣ ሳትተኛ፣ ሳይከፈልህ የቆምክበት ሰዓት ነው።

ስቶክሆልም

ዳላስ ያነሳው ነገር ላይ ልጨምር። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ 4 ሰዓት ተኩል ነድተህ 45 ደቂቃ ታርፋለህ፣ በቀን 9 ሰዓት ነው (በሳምንት ሁለቴ 10 ይፈቀዳል)። ይሄን ሁሉም ያወራል። የማይወራው እዚያው ደንብ 561/2006 አንቀጽ 10 ላይ ያለው ነው። ድርጅቱ ለሹፌር በኪሎ ሜትር ወይም በፈጣን ማድረስ ወይም በጭነት ብዛት ጉርሻ መክፈል አይችልም፣ የመንገድ ደኅንነትን አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ። ሕጉን የጻፈው ሰው ሹፌር ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነበር ያነበብኩት ቀን።

የሚሸውድ የለም አልልም። ሞልቷል። ግን እንቅልፍ ያለው ኪስ ውስጥ መሆኑ ተጽፏል።

የሠራተኛ ጉዳይ

ሕግ ስለተነሳ የኛንም እንይ። አዋጅ 1156/2011 አለ፣ የአሠሪና ሠራተኛ። መደበኛ ሥራ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ሳምንታዊ ዕረፍት ያልተቋረጠ 24 ሰዓት። ትርፍ ሰዓት ቀን ከሆነ አንድ ተኩል፣ ሌሊት ከሆነ 1.75፣ በዕረፍት ቀን ሁለት፣ በበዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ሹፌር ሲከፈለው ያያችሁ እጃችሁን አውጡ።

ከዚህ በላይ ግን የምትጎዱበት ሌላ ነው። ወረቀታችሁ ላይ ያለው ደሞዝ ስንት ነው? ብዙዎቻችሁ ትንሽ ደሞዝና ወፍራም ውሎ አበል ነው ያላችሁ። ሲከፈል ደስ ይላል፣ ግብርም አይነካውም ትላላችሁ። ሕጉ ግን ውሎ አበልን ደሞዝ አይለውም። አደጋ ደርሶባችሁ ሥራ ላይ መመለስ ካልቻላችሁ፣ ክፍያው የሚሰላው በዚያች በትንሿ ደሞዝ ነው። ጊዜያዊ ከሆነ የመጀመሪያ 3 ወር ሙሉ፣ ቀጣይ 3 ወር 75 በመቶ፣ ከዚያ 6 ወር 50 በመቶ። የማን? የትንሿ። ጡረታችሁም እንደዚያው።

ጎማ ስትቀይር እጅህ ቢሰበርም የሥራ ላይ ጉዳት ነው። የሕክምናውን ወጪ አሠሪው ነው የሚሸፍነው። "ራስህ ሳትጠነቀቅ" ብሎ ማምለጥ አይችልም። ሰክረህ ከሆነ ወይም ሆን ብለህ ራስህን ከጎዳህ ግን ሌላ ነው። አደጋ ሲደርስ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን እንዳየ ጻፉ። ፎቶ አንሱ። የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ካልቀረበ ይርጋ ይበላዋል።

ባለ ሞተር

እኛንስ ማን ያስታውሰን? አዲስ አበባ ምግብ አደርሳለሁ በሞተር። ለ40 ደቂቃ መንገድ 25 ደቂቃ ነው የሚሰጡን፣ ካረፈደ ደንበኛው ኮከብ ይቀንሳል። ሄልሜቴ አንድ ጊዜ ወድቆ ተሰንጥቋል፣ አሁንም እሱኑ ነው የምለብሰው።

ሲስተር

የተሰነጠቀ ሄልሜት ጣል፣ ልጄ። አንዴ ከተመታ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ሥራውን ጨርሷል። ባዶ ራስ ነህ ማለት ነው።

የረዳት ወንድም

ይሄን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሹፌር፣ ሹፌር፣ ሹፌር። ባለ አራት መቶን ማን ቀሰቀሰው? ረዳቱ። ልጁስ ስንት ሌሊት አልተኛም ነበር?

ታናሽ ወንድሜ ረዳት ነበር። 19 ዓመቱ። ሎግያ ቆመው ነበር፣ ቀን ነው። እዚያ ቀን ላይ ጋቢና ውስጥ መተኛት ማለት ምድጃ ውስጥ መተኛት ነው። ጥላ ያለው ተሳቢው ስር ብቻ ነው። ካርቶን ዘርግቶ ተኛ፣ ሁሉም እንደሚተኛው። ሹፌሩ ምሳ በልቶ መጣ። ልጁ ሱቅ የሄደ መሰለው። ከፊት ያለው መኪና ስለተነሳ ቦታ ለማስጠጋት ትንሽ ብቻ ወደፊት አለ። ሁለት ሜትር አይሞላም።

ሹፌሩን አልጠላውም። ቀብር ላይ ከኛ በላይ ነበር የሚጮኸው። ድርጅቱ ጋ ስንሄድ ወንድሜ ወረቀት ላይ የለም። ረዳት የሹፌሩ እንጂ የኛ ሠራተኛ አይደለም አሉ። በሽማግሌ ትንሽ ብር ተሰጠን። አባቴ ብሩን ሳይቆጥረው ነው የተቀበለው።

እንቅልፍ እንዴት ነው የምታሸንፉት ትላላችሁ። የተኛውንስ?

ባለ አራት መቶ

ነፍስ ይማር ወንድሜ። ምን ልበልህ። የኔም ረዳት ስር ነው የሚተኛው። አሁን ተነስቼ ላየው ነው።

ጋሽ ኤንትሬ

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። በኛ ጊዜም ነበር። እኔ ሞተር ከማስነሳቴ በፊት በእግሬ እዞር ነበር። አንድ ዙር፣ ጎማውን በብረት እየመታሁ፣ ጎንበስ እያልኩ። "ጋሼ ምን ጠፋብዎት?" ይሉኝ ነበር ልጆቹ። እየሳቁ።

የፋብሪካ ሴፍቲ

እኔ ሲሚንቶ ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ ደኅንነት ክፍል። ሰው ማሽን ውስጥ ገብቶ ሲጠግን፣ ማብሪያው ላይ የራሱን ቁልፍ ቆልፎ ስሙን ያንጠለጥላል። ቁልፉ በኪሱ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቢመጣ ማሽኑ አይነሳም። ሁላችንም ዓይናችን አይቶ የተማርነው ነው።

ለመኪናም ይሠራል፣ ወጪም የለውም። ስር የሚተኛ ወይም ስር ገብቶ የሚሠራ ሰው ሁለት ነገር ያድርግ። የሞተሩን ቁልፍ ይዞ ይተኛ። መሪው ላይ የሚታይ ጨርቅ ይሰር፣ ቀይ ቢሆን ጥሩ ነው። ጨርቁን የሚፈታው ያሰረው ሰው ብቻ ነው። ሹፌሩ አይፈታም፣ ጓደኛው አይፈታም። ታኮ ደግሞ ከፊትም ከኋላም፣ በድንጋይም ቢሆን።

ጎሚስታው

ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔም አንድ ልበል። ቀለበት ያለው ቸርኬ (ጎማው የሚገባበት ብረት) ስታስነፉ ፊት ለፊቱ አትቁሙ። ቀለበቱ ከዘለለ ሰው ይቆርጣል፣ አይቻለሁ። ሰንሰለት ዙሪያውን አስሩት ወይ መኪናው ስር ከትታችሁ ንፉ። ሹፌር ሁሉ "ቶሎ በል" እያለ አናቴ ላይ ይቆማል።

የሹፌር ሚስት

እኔም አንድ አለኝ። ባለቤቴ ደብረ ብርሃን አካባቢ ሲበርደው ከሰል ጋቢና ውስጥ አስገብቶ ቡና ያፈላ ነበር። መስኮት ዘግቶ ተኝቶ፣ ረዳቱ ለሽንት ሲነሳ እግሩ አልታዘዝ ብሎት ወደቀ። በሩ ስለተከፈተ ነው ሁለቱም የተረፉት። ከሰል ሽታ የሌለው ጭስ አለው አሉኝ ሐኪሞቹ። ብርድ ልብስ ገዛሁለት፣ ሁለት። ምድጃውን ቤት አስቀረሁት።

እና ባለ አራት መቶ፣ ለሚስትህ ንገራት። እኛ እኮ ስልካችሁ ዝግ ሲሆን ነው የምንሞተው።

ስምሪት ነኝ አትስደቡኝ

ትናንት አለቃዬ ጋ ገባሁ። ረዳቶች ይመዝገቡ አልኩ። "ሹፌሩ በየወሩ ይቀያይራቸዋል፣ ምኑን እንመዘግባለን?" አለኝ። ስማቸውና የቤተሰብ ስልካቸው እንኳ ይያዝ አልኩ። ይሄን እሺ ብሏል። ጡረታና ውል ላይ ግን ፊቱን አዞረ።

ሌላው፣ ጂፒኤሱን የሚያስገባልንን ልጅ ጠየቅኩት። መኪና 5 ሰዓት ሳይቆም ከሄደም እንዲጮህ ማድረግ ይቻላል ወይ? "ድሮም ይቻላል፣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም" አለኝ። ከሰኞ ጀምሮ ይጮሃል። ሲጮህ ምን እንደማደርግ ገና አላውቅም፣ ምክንያቱም ከላይ ያለውም ይጮሃል።

ከዳላስ

ሲጮህ ደውልና "ተኛ" በለው። ቢያጆው ላይ ደግሞ የተኛበትን ክፈለው። ያኔ ነው ጨዋታው።

ስምሪት ነኝ አትስደቡኝ

እሱን አለቃዬ ይመልስልህ።

ባለ አራት መቶ

ሰላም፣ ዘግይቼ ነው። ሎግያ ነኝ። ጭነት አለኝ። ሲስተር፣ በውስጥ መስመር እንዳልሽኝ ውሃውን ጨምሬያለሁ፣ ሽንቴ ሻይ መምሰሉን ትቷል። ለሚስቴም ነገርኳት። አለቀሰች፣ ከዚያ ሰደበችኝ፣ ከዚያ ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝ።

ቅድም ስልክ ተደወለ። ሌሊት 12 ሰዓት ድረስ ተኝቼ ነው የምነሳው አልኩ። "ጓደኞችህ አዳይቱ ደርሰዋል" አለኝ። ይድረሱ አልኩ። ዝም አለ። ቢያጆው ላይ እንደሚያወራርዳት አውቃለሁ።

ልጁን ጋቢና ተኛ ብለው ሙቀቱን አልቻለም፣ ስር ወርዷል። ድንጋይ ከፊትም ከኋላም አድርገናል። ቁልፉ እሱ ኪስ ነው። ቀይ ማሊያውን አውልቆ መሪው ላይ አስሮታል።

ጎሚስታው

ቀይ ማሊያ? አርሰናል እንዳይሆን ብቻ። መኪናህ እዚያው አራተኛ ሆና ትቀራለች።

ባለ አራት መቶ

የማንቸስተር ነው። እሱም ያው ነው። ደህና እደሩ።